«ማን አለ?» ፦ የመረብ ቅኝት ታሪክና የሩቅ ጣቢያ ዝምታ

አንድ የመገናኛ መሥመር ተዘርግቶ ባለቀ ማግስት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ በማንኛውም ዘመን አንድ ነው፤ ይኸውም «በዚያኛው ጫፍ ማን አለ?» የሚለው ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መሥመርም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነው ወደ አገራችን የገባው። የስልኩን መዘውር የሚያዞረው ሠራተኛ ደወል ይልካል፤ ከዚያም ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ድምፅ ከመጣ በዚያኛው ጫፍ ሰው መኖሩ፣ ሽቦውም ደኅና መሆኑ በአንድ ጊዜ ተረጋገጠ ማለት ነው። ድምፅ ካልመጣ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። ሽቦው ተቆርጦ ይሆናል፤ ምሰሶው ወድቆ ይሆናል፤ ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ወይም ተረኛው ምሳውን ሊበላ ወጥቶ ይሆናል። መልስ አንድ ምክንያት ብቻ ሲኖረው፣ ዝምታ ግን ምክንያቱ ብዙ ነው።

የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ሥራው ራሱን የቻለ ድርጅት አገኘ። የስልክ ማዞሪያዎችም እየበዙ ሄዱ። ሽቦ ባልደረሰባቸው ጠረፎች በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያን በስም እየጠሩ መልስ መጠበቅ የሥራ ልማድ ነበር። ልምድ ያለው የሬዲዮ ሠራተኛ ያልመለሰውን ጣቢያ «አልተሰማም» ይላል እንጂ «የለም» አይልም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቃል የተመዘገበው ጣቢያ ነገም ይጠራል፤ በሁለተኛው ቃል የተመዘገበው ግን ከመጠሪያው ዝርዝር ይወጣል።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ የሚጠየቀው በጠረጴዛ ኮምፕዩተር ላይ በሚሠራ መረብ ቃኚ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በአንድ መሥሪያ ቤት መረብ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን አድራሻዎች ሁሉ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እየዞረ «አለህን?» ይላል፤ የመለሱትንም በሠንጠረዥ ደርድሮ ያቀርባል። የመሣሪያው ታሪክ የአርባ ዓመታት ያህል ዕድሜ አለው። ሆኖም ታሪኩ በሙሉ የሚነበበው መረቡ ቀጥ ብሎ በሚሠራበት ከተማ ሳይሆን መሥመሩ በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ስለሆነም አንድ የመሥመር መጨረሻ መምረጥ ያስፈልጋል።

አርቦሬ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በሐመር ወረዳ፣ የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር በሚወርድበት ዝቅተኛና ሞቃታማ ሜዳ ላይ ይገኛል። ሕዝቡ ራሱን ሆር ብሎ ይጠራል፤ ቋንቋውም ከምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከብት ያረባል፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚቀረው እርጥበትም ማሽላ ይዘራል። ከጂንካ የተነሣ መንገደኛ በቀይ አፈር በኩል ወደ ወይጦ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ይደርስበታል። የወረዳው ዋና ከተማ ዲመካ ግን ከሐመር ተራሮች ማዶ ነው። እንግዲህ በአርቦሬ የተቀመጠ አንድ ኮምፕዩተር ዝም ቢል፣ ዝምታው ብልሽት ይሁን ሌላ ነገር ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ተራራውን ዞሮ መምጣት አለበት። በአዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ግን አንድ ፎቅ ወርዶ ገመዱን ነካ ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ወጪው በዚህ መጠን ስለሚለያይ፣ በአርቦሬ ዝምታን አሳስቶ መተርጎም በአዲስ አበባ ከማሳሳት የከበደ ነው።

ወደ መሣሪያው ታሪክ እንመለስ። ዛሬ ኢንተርኔት የምንለው መረብ ሥርዐቱ በሰነድ ሲደነገግ፣ አንዱ ኮምፕዩተር ሌላውን «አለህን?» ብሎ የሚጠይቅበት፣ የተጠየቀውም «አለሁ» ብሎ ያንኑ መልእክት የሚመልስበት ደንብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1981፣ ተራ ቁጥሩ 792 በሆነው ሰነድ ጆን ፖስተል አዘጋጅነት ወጣ። በዓመቱ፣ በኅዳር 1982፣ ዴቪድ ፕለመር ያዘጋጀው 826ኛው ሰነድ ተከተለ። ይህ ሁለተኛው ደንብ በአንድ ገመድ ላይ ያሉ መሣሪያዎች «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብለው እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁበት ነው። ሁለቱ ደንቦች ተመሳሳይ መስለው ቢታዩም በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከመረብ ወደ መረብ ይሻገራል፤ ነገር ግን ተጠያቂው ባይፈልግ ላይመልስ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ ከራውተሩ ደጃፍ አያልፍም፤ ሆኖም ተጠያቂው ከጎረቤቶቹ ጋር ሊነጋገር ከፈለገ መመለስ ግድ ይለዋል። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው የመረብ ቃኚውን ሠንጠረዥ በትክክል ሊያነብ አይችልም።

ደንቡ በወረቀት ላይ ቢኖርም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ነው። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በአበርዲን ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ፣ መረቡ ያልተለመደ ጠባይ ቢያሳየው በአንድ ምሽት ተቀምጦ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ስሙንም «ፒንግ» አለው። ቃሉ የተወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በውኃ ውስጥ ከምትልከውና ግዑዝ ነገር ነክቶ ከሚመለሰው ድምፅ ነው። ሙስ ኋላ ላይ ሲያስታውስ፣ ፕሮግራሙ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስሙን የሚያስጠራ እንደሚሆን ቢያውቅ ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ይሠራበት እንደ ነበር ተናግሯል። በነገራችን ላይ፣ የአርቦሬን ቋንቋ በስፋት ያጠናው የዲክ ሄይዋርድ መጽሐፍ የታተመው በቀጣዩ ዓመት በ1984 ነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ብቻ አንዱ ማሽን እንዴት እንደሚመልስ፣ ሌላው ሰው እንዴት እንደሚናገር ለማወቅ ጆሮ የሰጡ ናቸው።

ሙስ ራሱ ካሰባሰባቸው ወሬዎች አንዱ ለጥገና ባለሙያ የሚጣፍጥ ነው። አንድ የመረብ ኃላፊ ለእያንዳንዱ መልስ ኮምፕዩተሩ በድምፅ ማጉያ «ፒንግ» እያለ እንዲጮህ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ ካደረገ በኋላ፣ በሕንጻው ውስጥ እየዞረ የገመዶቹን ማያያዣዎች አንድ በአንድ ወዘወዘ። ድምፁ ድንገት ሲቋረጥ የላላውን ማያያዣ አገኘው። እዚህ ላይ ዝምታ ፍሬ የሰጠው፣ ሰውዬው ከዝምታው በፊት ድምፁን ይሰማ ስለ ነበረና እጁም ከብልሽቱ ቦታ ላይ ስለ ነበረ ነው። በአርቦሬና በጂንካ መካከል እንዲህ ያለ እጅ የለም።

ከፒንግ በኋላ ያለው እርምጃ ከአንድ ማሽን ወደ ብዙ ማሽኖች፣ ከመኖር አልፎም ወደ ዝርዝር ነገር መጠየቅ ነበር። እያንዳንዱ ኮምፕዩተር አገልግሎት የሚሰጥባቸው 65,536 ቁጥር የተሰጣቸው በሮች አሉት፤ ባለሙያዎች ፖርት ይሏቸዋል። ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን የትኛው በር እንደ ተከፈተ ማወቅ ደግሞ ለጠባቂም ለሌባም እኩል ይጠቅማል። በዚህ ምክንያት ዳን ፋርመርና ቪትሰ ቬኔማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1995 «ሰይጣን» የሚል ስም ያለው የመረብ መመርመሪያ በነጻ ሲያወጡ ብዙ ጫጫታ ተነሣ። ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት መጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የሆነ ነው። ደራሲዎቹ ስሙ ለሚከብደው ሰው «ንስሓ ግባ» የሚል ትንሽ ፕሮግራም አብረው ሰጥተዋል፤ እርሱ ሲታዘዝ ፊደላቱን አዟዙሮ «ሳንታ» ያደርጋቸዋል። መሣሪያው በስም ንስሓ ቢገባም ሥራው ያው ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ውጤቱ ጠቋሚን በመጫን በሚነበብ ገጽ መቅረቡና ልዩ ትእዛዝ በቃል የማያጠና ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1 ቀን 1997 ደግሞ ጎርደን ላይን፣ ፊዮዶር በሚለው የብዕር ስሙ፣ «ፍራክ» በተባለው መጽሔት 51ኛ ቁጥር ላይ «ኤንማፕ» የተሰኘውን ፕሮግራም ከነምንጭ ጽሑፉ አሳተመ። ይህ ፕሮግራም እስከ ዛሬ የሙያው ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። እንዲያውም በ2003 በወጣው የ«ማትሪክስ» ፊልም ሁለተኛ ክፍል ላይ አንዲት ገጸ ባሕርይ ስትሠራበት ይታያል፤ ፊልም ሠሪዎች ስለ ኮምፕዩተር የሚያሳዩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፈጠራ ስለሆነ፣ ይህ እንደ ብርቅ ተቆጥሮ ነበር። በታኅሣሥ 2007 በወጣው እትም «ዜንማፕ» የተባለው ባለ መስኮት ገጽታ ተጨመረበት። «አንግሪ አይፒ ስካነር»ን የመሳሰሉ ቀለል ያሉ ቃኚዎችም በየጠረጴዛው ኮምፕዩተር ላይ ተለመዱ።

አሁን አሠራሩን እንመልከት። ሠራተኛው በጠረጴዛው ኮምፕዩተር ላይ ፕሮግራሙን ይከፍታል። ፕሮግራሙ የኮምፕዩተሩን የራሱን አድራሻ አይቶ፣ ለምሳሌ ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ያለውን ወሰን ያቀርብለታል። ማስጀመሪያው ሲጫን 254ቱ አድራሻዎች ይጠራሉ። በአንድ ገመድ ወይም በአንድ ገመድ አልባ መረብ ላይ ያሉት በሁለተኛው ደንብ ሲጠየቁ ስለሚመልሱ፣ የራውተሩ፣ የፕሪንተሩ፣ የሌሎቹ ኮምፕዩተሮችና የኪስ ስልኮች ስም በየተራ ብቅ ይላል። ከእያንዳንዱ ጎን አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው የመሣሪያው መለያ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አምራቹን ኩባንያ ስለሚያመለክቱ ያልታወቀው እንግዳ ከየትኛው ፋብሪካ እንደ ወጣ ለመገመት ይረዳሉ። በተጨማሪ ከታዘዘ፣ ኤንማፕ ለእያንዳንዱ ማሽን ይበልጥ የተለመዱትን 1,000 በሮች ያንኳኳል። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ ንባቡ ነው።

በአገራችን የመረቡ ታሪክ ከቃኚው ታሪክ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የኤሌክትሮኒክ መልእክቶችን በተራ ስልክ መሥመር እያጠራቀመ ወደ ውጭ አገር ያስተላልፍ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በጥር ወር የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ፤ ኤንማፕ የታተመው ከዚያ በኋላ በስምንተኛው ወር መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር በነበረበት ዘመን ሁለት ትልልቅ መረቦች ተዘረጉ። አንደኛው ስኩልኔት ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት የፕላዝማ ትምህርት ያደረሰው ነው። ሁለተኛው በመቶ የሚቆጠሩ የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይትና በምድር መሥመር ያገናኘው ወረዳኔት ነው። የፕላዝማው ሥርጭት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነበር፤ ትምህርቱ ይተላለፋል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚመለከት ይኑር፣ ኤሌክትሪክ ይጥፋ፣ አስተላላፊው አይጠይቅም። ወረዳኔት ግን የስብሰባ ምስል፣ ድምፅና መልእክት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድበት ስለነበረ «ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነበር።

ጥያቄው ሲጠየቅ የተፈጥሮ ሕግ ጣልቃ ይገባል። የመገናኛ ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቆማለች። ከአዲስ አበባው ማእከል የተላከ ጥያቄ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ወረዳው ይወርዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጉዞው በጠቅላላው ከ143,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ እንኳ 0.48 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ነገሩ የሚብሰው ሁለት የሳተላይት ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ነው። ጣቢያዎቹ ሁሉ በማእከል በኩል ብቻ በሚገናኙበት አሠራር፣ ጂንካ ያለ ኮምፕዩተር ዲመካ ያለውን ቢጠራ ጥያቄው መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርዶ እንደገና ወደ ሳተላይቷ ይወጣል። በአየር መሥመር ቢለካ ከ100 ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ርቀት፣ ደርሶ መልሱ 286,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ምድርን በወገቧ ሰባት ጊዜ ከመዞር ይበልጣል። ጊዜውም አንድ ሴኮንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ እንግዲህ በየመሣሪያው ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ ሳይታሰብ ነው።

ቃኚው ፕሮግራም ግን ለዘላለም አይጠብቅም። ኤንማፕ ከ0 እስከ 5 ቁጥር የተሰጣቸው የፍጥነት ደረጃዎች አሉት፤ የመጨረሻው ደረጃ ስሙ «እብድ» ይባላል። በዚህ ደረጃ የታዘዘው ፕሮግራም ለአንድ መልስ ቢበዛ 300 ሚሊሴኮንድ ይጠብቃል። ከላይ እንደ ተቆጠረው በሳተላይት የሚመጣው መልስ ቢፈጥን ቢፈጥን 480 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ስለዚህ በጥድፊያ የታዘዘ ቅኝት በሳተላይት ማዶ ያሉትን ጣቢያዎች አንድም ሳይቀር የሞቱ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እነርሱ ግን አሉ፤ መልሰዋልም፤ መልሳቸው መንገድ ላይ ሳለ ጠሪው ጆሮውን ነቅሎ ሄዷል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ደረጃውን የሠሩት ሰዎች ስሙን ሲያወጡለት አስጠንቅቀዋልና። ለአንድ ክፍል የተመጠነ ትዕግሥት ለአንድ አገር ተመጥኖ ሲወሰድ ነው ስሕተቱ የሚመጣው።

ወረዳኔት እንደ ስሙ ለወረዳ ነበር እንጂ ለቀበሌ አልነበረም። በመሆኑም አርቦሬን የመሰለ ቦታ ከዚያ መሥመር መጨረሻም ወዲያ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ እየሰፋ ሲሄድ እንዲህ ያሉ ቦታዎች በሌላ በር ወደ መረብ ገቡ፤ ይኸኛው በር ግን የራሱ ጠባይ አለው። በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ በጋራ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። በዚህ ዓይነት በስልክ በኩል መረብ ያገኘን አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ጂንካ ሆኖ ለመቃኘት የሚሞክር ባለሙያ ጥያቄው ከስልክ ድርጅቱ ደጃፍ አያልፍለትም። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ኮምፕዩተር ይኑር አሥር ይኑር ከውጭ ሊታይ አይችልም። ቅኝቱ ፍሬ የሚሰጠው እዚያው በአርቦሬው ጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፕዩተር ሲካሄድ ብቻ ነው፤ ይህም ማለት እዚያው የሚሠራው ሰው ካልቃኘ ማንም ሊቃኝለት አይችልም ማለት ነው።

እዚያም ቢሆን ዝምታ ብዙ ፊት አለው። የተዘጋ ኮምፕዩተር አይመልስም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 ከወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅል ጀምሮ በየኮምፕዩተሩ ያለው ፋየርዎል ሳይታዘዝ በራሱ የሚሠራ ሆነ፤ ይህም ለፒንግ መልስ መከልከልን ይጨምራል። ስለዚህ በርቶ እየሠራ ያለ ማሽን ለመጀመሪያው ደንብ ጥያቄ ዝም ሊል፣ ለሁለተኛው ደንብ ጥያቄ ግን ሊመልስ ይችላል። ኃይል ለመቆጠብ ያንቀላፋ የኪስ ስልክም ዘግይቶ ይመልሳል ወይም አይመልስም። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱ እንደ ሁለት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ከ2019 እና ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የአንድሮይድና የአይፎን ሥርዐቶች የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ እውነተኛውን የመሣሪያ መለያ ትተው ለየመረቡ ፈጥረው የሚያወጡትን መለያ ይሰጣሉ። በእርሱ የተመዘገበ ስልክ የፋብሪካው ስም አይታወቅም፤ ጠባቂውም የማያውቀው እንግዳ የገባ ሊመስለው ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለመረብ ጠባቂ ግን ዝም ያለው ነገር ሁሉ ሊነቅዝ ይችላልና መመርመር አለበት።

ይህ ችግር ከኮምፕዩተር በፊት ሕዝብ ቆጣሪዎችን ያጋጠመ ነው። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ገጠሮች ነበሩ፤ የእነርሱ ቁጥር በግምት ተሞላ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ አብዛኛው አገር በግንቦት ወር ሲቆጠር፣ አፋርና ሶማሌ ክልሎች በተከታዩ ኅዳር ተቆጠሩ። አርብቶ አደር ሕዝብ ባለበት አገር ቤት ዘግቶ መሄድ ከብት ተከትሎ መሄድ እንጂ አለመኖር እንዳልሆነ ቆጣሪዎቹ ያውቁ ነበር። በአርቦሬም ቢሆን በበጋ ባዶ የሆነ ደጃፍ ያየ ሰው ጎልማሶቹ ከመንጋው ጋር ናቸው ይላል እንጂ ቤቱ ጠፍቷል አይልም። በዚያ ቆጠራ የደቡብ ኦሞ ዞን ሕዝብ 573,435 ሆኖ ተመዘገበ። ቁጥሩ ሊገኝ የቻለው ደጃፉ ሲዘጋ ተመልሶ የሚያንኳኳ ቆጣሪ ስለ ነበረ ነው። መረብ ቃኚው ግን እንዲመለስ ካላዘዙት አይመለስም።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ከቃኚው ሠንጠረዥ የሚወጣው ዝርዝር በጠረጴዛ ላይ አይቀርም። የንብረት መዝገብ ይሆናል፤ የጥገና ዕቅድ ይሆናል፤ የፕሮግራም ማሻሻያ የሚላክላቸው ማሽኖች ዝርዝር ይሆናል። በመዝገብ «የለም» የተባለ ማሽን ማሻሻያ አይላክለትም፤ ማሻሻያ ያልደረሰው ማሽን ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በተዛመተ ጊዜ የገባው በ445ኛው በር ነበር። ማይክሮሶፍት የማሻሻያውን መድኃኒት ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት አውጥቶ ነበር። የተጎዱት መድኃኒቱ ያልደረሳቸው ናቸው። አንድ ማሽን ሊቆጠር ያልቻለው የመሥመር ጫፍ ላይ ስለሆነ ብቻ ከሆነ፣ መቆጠሩ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በኮምፕዩተር ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ደንግጎ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ሰው ኮምፕዩተር ሥርዐት፣ መረጃ ወይም መረብ ሆን ብሎ መድረስን ወንጀል አደረገ። ደጃፍ ማንኳኳትና ቤት መግባት አንድ አይደሉም የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ በሙያው ውስጥ የቆየ ነው። ቢሆንም የሌላውን ሰው ደጃፍ 1,000 ጊዜ እያዞሩ ማንኳኳት ጎረቤትን የሚያስደነግጥ ሥራ መሆኑ ክርክር አያሻውም። ጠንቃቃ ባለሙያ የሚቃኘው በኃላፊነቱ ሥር ያለውን መረብ ነው፤ ያም ቢሆን የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይዞ፣ የሚቃኝበትን ሰዓት ለባልደረቦቹ ነግሮ ነው። ለአርቦሬ ይህ ሌላ ትርጉም አለው። ከማእከል ሆኖ ሊቃኘው የሚችል ባለመኖሩ፣ ፈቃዱም ሥልጠናውም እዚያው ላለው ሠራተኛ ካልተሰጠ ሥራው በማንም ሳይሠራ ይቀራል። በልማድ ግን ሥልጠና በክልልና በዞን ከተማ ይቆማል።

ቅኝቱ በአንድ ሰዓት ብቻ መደረጉም አይበቃም። ማሽኖቹ በበሩበት፣ ስልኮቹ በነቁበት፣ በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቢደጋገም፤ የጥበቃው ጊዜ ከመሥመሩ ርዝመት ጋር ቢመጠን፤ በመዝገቡም ከአድራሻው ጎን የተጠራበት ሰዓትና የተጠበቀበት ጊዜ ቢጻፍ፣ ሌላ ሰው ዝርዝሩን ሲያነብ ዝምታው ከምን የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ይህ ሁሉ የሬዲዮ ሠራተኞች ያለ ኮምፕዩተር ሲሠሩት የነበረ ነው።

ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎችም ይህን አልዘነጉትም። ኤንማፕ አንድን በር ሲመረምር «ክፍት» ወይም «ዝግ» ብቻ ብሎ አያቆምም፤ ጥያቄው መንገድ ላይ ተጣርቶ ቀርቶ እንደሆነ የሚገልጽ ሌላ ቃል አለው፤ ሁለቱን መለየት ሲያቅተው ደግሞ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን አድርጎ ይጽፋል። ስለ ማሽኑ ራሱ ሲናገርም መልስ ያላገኘለትን «የለም» አይለውም። ከጥቁሩ መስኮት ግርጌ የሚጽፈው፣ ማሽኑ የጠፋ እንደሚመስል፣ በእርግጥ ካለና ጥያቄውን የሚከለክል ከሆነ ግን በሌላ ትእዛዝ እንደገና እንዲሞከር ነው። «ይመስላል» የምትለዋ ቃል በእንግሊዝኛው መልእክት ውስጥ በግልጽ ተቀምጣለች። ውጤቱ ወደ አማርኛ የንብረት ቅጽ ሲገለበጥ ግን በቅጹ ላይ ያሉት ዐምዶች «ይሠራል» እና «አይሠራም» የሚሉ ሁለት ብቻ ናቸው።